የጥፍር ቀለም የተቀባው ራም

ከሆሳዕና እስከ ሀደሮ ባለው አገር፣ ተፈትቶ ከተገጠመ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀየረ ዕቃ ከእኔ ዓይን አምልጦ አያውቅም። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። ክዳኑ ሳይከፈት በድምፁ ብቻ ፋኑ የራሱ እንዳልሆነ ያወቅሁበት ጊዜ አለ። አንዱን ላፕቶፕ እንዲያውም ገና ከሚኒባስ ሳይወርድ "የዚህ ሃርድ ዲስክ ተቀይሯል" ብዬ ልክ ሆኜ ተገኝቻለሁ። የሚኒባሱን ነገር ትንሽ ጨምሬበታለሁ።

እንዲህ የሚለው ሰው ሥራ የጀመረ ዕለት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ታደሰ ሱቃቸው ሆሳዕና፣ መናኸሪያው አጠገብ ነበር። ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ኖረው፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ካቻቢቴያቸውን ሳይቀይሩ ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩ ሰው ናቸው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ስለሆነ፣ በአባቴ ስም ተቀበሉኝ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዴስክቶፕ ፊት አስቀመጡኝና "ከጀርባው ሁለት ማብሪያ የሚመስል ነገር አለ። ጥቁሩን ተጫን፤ ቀዩን እንዳትነካ" አሉኝ።

ነካሁት።

ያኔ በነበሩት ፓወር ሰፕላዮች ላይ ያ ቀዩ መብራቱን ከሁለት መቶ ሃያ ቮልት ወደ መቶ አሥር የሚያዞር ነው። የኛ አገር መብራት ደግሞ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው ሁሉ ጎማ ፈነዳ ብሎ ወጣ። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እስከ መናኸሪያው በር ሮጧል።

ጋሽ ታደሰ ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ "ቀዩን አትንካ አላልኩህም?" አሉኝ።

"ብለውኛል ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"እጄ ነው ጋሼ።"

 "እጅህ ጆሮ የለውማ!" አሉና ሳቁ። አላባረሩኝም። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ትምህርት ሰጡኝ። ስክሪኑ የጠቆረ ኮምፒውተር ከፍተው ራሙን፣ ማለትም የማስታወሻ ካርዱን፣ ነቀሉና ከኪሳቸው የተማሪ ላጲስ አወጡ። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲሱ ፈተግ ፈተግ አድርገው መለሱት። ኮምፒውተሩ ተነሣ። "ራም እምቢ ሲልህ ሰው ከመጠርጠርህ በፊት ላጲስህን አውጣ" አሉኝ። ካስተማሩኝ ሁሉ ከልቤ የያዝኩት ይህን ነው። የተውኩትም ይህን ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ማርቆስ መጣ። የዱራሜ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ ንጹሕ። ሥራ ተከፋፈልን። እኔ ላፕቶፕና ፕሪንተር ያዝኩ፣ እሱ የኔትወርክ ገመድ። በኔትወርክ ገመዱ ውስጥ ስምንት ባለ ቀለም ክሮች አሉ፤ በየተራቸው ተደርድረው ነው የሚገቡት። "ክር መደርደር የሸማኔ ሥራ ነው፤ እኔ መሐንዲስ ነኝ" እያልኩ ሁሉንም ወደ እሱ እገፋለሁ። እሱም ይስቃል፤ ይደረድራል።

መኪናም አልነዳም። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ "እግሬ ከሚኒባሱ ስለሚቀድም ነው" እላለሁ።

ጋሽ ታደሰ ሲደክሙ ሱቁ ለእኔ ቀረ። ማርቆስ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ከፈተ። በሰላም ነው የተለያየነው። አቧራ የምንነፋበትን ብሎወር እንዋዋሳለን፤ ምሳ አብረን እንበላለን። እሱ በሁለት ኪቦርድ የሚኖር ሰው ነው። በሥራ ቀን የላፕቶፕ ኪቦርድ ይቀይራል፣ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል።

የእኛ ሥራ ትልቁ በሽታ ጥርጣሬ ነው። ደንበኛ ሁሉ "ዕቃዬን ይቀይሩብኛል" ብሎ ነው የሚመጣው። ከፎንቆ የሚመጣው በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ላም እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል። ከሙዱላ የመጣ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ባትሪው ላይ፣ ቻርጀሩ ላይ፣ ማውሱ ሆድ ላይ ሳይቀር ስሙን ከነአያቱ ጽፎ አምጥቶልኛል። "ወንድሜ፣ ስልክ ቁጥርህን ረሳህ" ስለው እስክሪብቶውን አወጣ።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ወሰድኩ። "የቱን ነው የወሰድከው?" ስትለኝ ብልቃጡን አሳየኋት። "ቀዩን ነው፤ ለሱቅህ ከሆነ ይሁንልህ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በምገጥመው ዕቃ ሁሉ ነጭ ስቲከር ላይ አንዲት ጠብታ አሳርፋለሁ። ለባለ ዕቃውም አሳየዋለሁ። "ይህቺ ቀይ ነጥብ ማኅተሜ ናት። ነጥቧ ከሌለች ዕቃው የእኔ አይደለም።" ሰው ወደደው። ዝናዬ ኦሞ ወንዝን ተሻገረ። ወንዙን ባይሻገር እንኳ ሀደሮ ደርሷል።

አሁን ወደ መምህር ኤርሚያስ ልምጣ። መምህር ኤርሚያስ ፎንቆ የሚያስተምር፣ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ላፕቶፑ ላይ አራት አራት ጊጋ የሆኑ ሁለት ራሞች ገጥሜለት ነበር፤ ድምሩ ስምንት። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ኪቦርዱ ተበላሸ። እኔ ያን ሳምንት ለአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሀደሮ ነበርኩ። መጥቶ ሲያጣኝ መንገዱን ተሻግሮ ለማርቆስ ሰጠው።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ሱቄ ገባ። በሩን ገርበብ አደረገው።

"ጌቾ፣ አንድ ነገር አጣራልኝ። ግን ለማንም እንዳትናገር።"

"እኔ ጋ የገባ ወሬ መቼ ወጥቶ ያውቃል?"

"ማርቆስ ኪቦርዱን ከቀየረልኝ ወዲህ ይጎተታል። አንዱ ጓደኛዬ ከፍቶ አሳየኝ። ስምንት የነበረው አራት ነው የሚለው። አንዱን ወስዶብኝ ይሆን?"

ከፈትኩት። ሁለቱም ራም ቦታቸው ላይ አሉ። የመጀመሪያው ነጭ ስቲከሩ ላይ ነጥቤ አለች። ሁለተኛው ስቲከር የለውም፤ ራቁቱን የሆነ አረንጓዴ ቦርድ ነው። አገላበጥኩት። ማጉያ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ነጥብ የለም።

"ይሄ የእኔ አይደለም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"መምህር፣ የራሴን ስም ልጠራጠር እችላለሁ፤ ነጥቤን ግን አልጠራጠርም። የሚሠራውን ወስዶ የሞተ ተክሎልሃል።"

መምህር ኤርሚያስ ፊቱ ላይ ያዘነ ሰው መልክ መጣ። "ማርቆስ? ማርቆስ እንዲህ ያደርጋል?" አለ። ላጲሱ ከእጄ ሥር መሳቢያው ውስጥ ነበር። መሳቢያውን አልከፈትኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ዓመት ደንበኞቼ አንድ በአንድ መንገዱን እየተሻገሩ ነበርና፣ የሚሻገሩበትን ድልድይ የሚያፈርስ ነገር እጄ ገባ።

ወሬውን እስከ ምሳ ሰዓት ያዝኩት። ለእኔ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ምሳ ቤት ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጬ "ማርቆስ የጥርስ ሐኪም ሆኗል አሉ፤ ደህናውን ነቅሎ የበሰበሰውን ይተክላል" አልኩ። ሳቁ። ሲስቁ ዝርዝሩን ነገርኳቸው። መምህሩን ግን ስሙን አላነሳሁም፤ ቃሌን የጠበቅሁ መስሎኝ።

በሳምንቱ ከአንጋጫ የመጣ ሹፌር ፍላሽ ሊያስጠግን ገባና "እናንተ ከተማ ሃያ ላፕቶፕ ባዶ ያደረገ ቴክኒሺያን አለ የሚባለው እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። በሌላው ሳምንት ከሀደሮ ሰው ደውሎ "ራም በጆንያ ቤቱ ተገኘበት ይባላል" አለኝ። የአነጋገሩን ዘይቤ አወቅሁት፤ የራሴ ነው። እኔ እንኳ እስከ ጆንያ አልሄድም ነበር።

ከዚያ ነገሩ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጠርተው "ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከአገልግሎት ቆይ" አሉት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኛን ከተሞች የሚያውቅ ያውቀዋል። ሱቅ ቢዘጋ ሌላ ቦታ ይከፈታል። በየእሁዱ መድረክ ላይ የሚታይ ሰው ከሕዝቡ መካከል ሲቀመጥ ግን፣ ምክንያቱን የማይጠይቅ የለም፤ መልሱን የማያውቅም የለም።

ማርቆስ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። አልተቀመጠም።

"ጌቾ፣ የነጥብህን ነገር ሰማሁ።"

"እ... አዎ። ማለቴ..."

"ስንት ዓመት ከአንድ ሣህን በላን? መጀመሪያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ደውዬ ነበር፤ ኔትወርክ የለም አለኝ" አልኩት። ቀልድ መሆኑ ነው፤ ኔትወርክ የእሱ ሥራ አይደል? አልሳቀም።

"ልጄ እሁድ ዕለት 'አባዬ፣ ዛሬ ለምን አትጫወትም?' አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? አንተ ቀልድ ታውቃለህ፤ አንተው ንገራት።" ይህን ብሎ ወጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በማርቆስ ሱቅ ተሰበሰብን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ መምህር ኤርሚያስ ከነላፕቶፑ፣ ማርቆስና እኔ። ሽማግሌዎቹ በአሮጌ ሞኒተሮች መካከል በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የሚመሩት አባባ ኤርሲዶ ናቸው፤ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው፣ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርገዋል። በጸሎት ጀመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ጌታቸው፣ ያየኸውን ተናገር፤ ያላየኸውን ተው" አሉ።

ተናገርኩ። ያን ቀን አላጋነንኩም፤ ማጋነን አያስፈልገኝም ነበር። "እኔ የገጠምኩት ዕቃ ሁሉ ቀይ ነጥብ አለበት። ይሄኛው የለበትም። ካለበት ውሸታሙ እኔ ነኝ" አልኩ። ራሙን ነቅዬ "አባባ፣ እርስዎም ይዩት" ብዬ ሰጠኋቸው።

አባባ ኤርሲዶ ራሙን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። አዙረው አዩት። አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌ በሀዲይኛ አንድ ነገር አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ቀይ ነው ያልከኝ?"

"አዎ አባባ።"

"እንደ በሰለ ቃሪያ?"

"እንደዚያው።"

"ታዲያ ይህቺ ምንድን ናት?" ብለው በጥፍራቸው የቦርዱን ጫፍ ነኩ።

ሁሉም አጎነበሱ። መምህር ኤርሚያስ "አለች! አለች!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ግንባሩን መታ። "ኧረ ትዝ አለኝ! የዚህኛው ስቲከር ያኔም ተልጦ ነበር። 'ይሄ ራቁቱን ይቀባ' ብለህ ቦርዱ ላይ ስትቀባው ስቀን ነበር እኮ ጌቾ!"

እኔም አጎነበስኩ። ረጅም ጊዜ አየሁ። "አቧራ ሸፍኗት ነበር" አልኩ።

ማርቆስ ተነሣ። መሳቢያውን ከፍቶ ላጲስ አወጣ። ጋሽ ታደሰ ለሁለታችንም ያስተማሩት ያው የተማሪ ላጲስ ነው። ጥርሶቹን ፈተግ ፈተግ አድርጎ ራሙን መለሰና ላፕቶፑን አበራ። መምህሩ አንብቦ "ስምንት" አለ፤ ቀስ ብሎ።

"ምን ነበረ የሆነው?" አሉ አባባ ኤርሲዶ።

"ቆሽሾ ነው አባባ። ኪቦርዱን ስቀይር ነቅዬ መልሼዋለሁ። ያኔ መጥረግ ነበረብኝ፤ አልጠረግሁም። ያ የእኔ ጥፋት ነው" አለ ማርቆስ።

ሽማግሌው ላጲሱን አንስተው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። "ራሙ በዚህ ጠራ። የአንተ አፍስ በምን ይጠረጋል?"

ላጲሱን ተቀብዬ ለማርቆስ መለስኩለት።

ፍርዱ ቀላል ነበር። ወሬው በደረሰበት ቦታ ሁሉ እየሄድኩ፣ በራሴ አፍ እንድመልሰው። የተናገርኩት በአንድ ምሳ ነው፤ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንጋጫ ሄድኩ፤ ሹፌሩን ፈልጌ አገኘሁት። ፎንቆ ሄድኩ። ሀደሮ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት እስከ መጨረሻው ሰምታኝ "የጆንያው ይሻል ነበር" አለችኝ። ማርቆስ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰ። ያን እሁድ ከቤተ ክርስቲያናቸው አጥር ውጭ ቆሜ ሰማሁት። ሙዚቃ አላውቅም፤ አንድም አልሳተም ማለት ግን እችላለሁ።

ነገር ግን ያቺ ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ማርቆስ በር ላይ አስቁሞኝ ነበር።

"አቧራ አልነበረም" አለኝ። "ኪቦርዱን ስቀይር ውስጡን በሙሉ በብሎወር ነፍቼዋለሁ። አባባ ኤርሲዶ በዚያ ዓይናቸው ያዩትን አንተ በማጉያ አጣኸው? አይተሃታል፣ ጌቾ። አይተህ ነው የለችም ያልከው።"

በአንዲት ዓረፍተ ነገር መልስ ልሰጠው እችል ነበር። አልሰጠሁም። "ይሁን" ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነ። ሰላምታ አልከለከለኝም፤ ሰላምታው ግን ባንክ ቤት መስኮት ላይ እንደሚሰጥ ሰላምታ ነው። ብሎወርም አንዋዋስም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ያለኝ ይኸው ነው። ራም እምቢ ሲል መጀመሪያ በላጲስ ጥረጉ። ምልክት ስታደርጉ ቁጥር ጻፉ፤ ቀለም አትቀቡ። ሌላ ሱቅ ዕቃ ቀየረ ብላችሁ ስትጠረጥሩ ባለሱቁን ጠርታችሁ አብራችሁ ክፈቱት።

የቀረችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ቀይ ለእኔ የጠቆረ ነገር ነው፤ ነጭ ስቲከር ላይ ሲሆን ጠቁሮ ይታየኛል፣ አረንጓዴ ቦርድ ላይ ሲሆን የለም። ጋሽ ታደሰ ጥቁሩን ተጫን ያሉኝ ዕለት ሁለቱም ጥቁር ነበሩ። የገመዱን ክሮች ለማርቆስ የገፋሁት መሐንዲስ ስለሆንኩ አይደለም። የመንጃ ፈቃድ የከለከለኝም የዓይን ምርመራው ነው። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀለም የማይለይ ቴክኒሺያን ጋ ማን ይመጣል ብዬ ሃያ ዓመት ከሰው ስደብቀው፣ ያን ቅዳሜ ከራሴም ተደብቆ ነበር። ማርቆስ በር ላይ ሲጠይቀኝም ጉድለት ያለበት ሰው ከመባል ይልቅ ክፉ ሰው መባል ቀለለኝ።

ማርቆስ፣ ያቺን ነጥብ አላየኋትም። አባባ ኤርሲዶ በጥፍራቸው ሲያሳዩኝም አላየኋትም።